የተዝካሩ እሳት

ይህን እንደ ምሳሌ ስሙልኝ። ሰዎቹ ስም የላቸውም። አገሩ ግን ስም አለው፤ መንዝ ነው፣ ገራ ምድር፣ ከጓሳ ሥር። ዘመኑ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት ነው፤ ጓሳ ገና በቄሮ ይጠበቅ በነበረበት ጊዜ።

የመንዙ ቄሮ የጓሳ መጠበቂያ ሥርዓት ነው። ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር የሚደርስ ብርዳም የሣር ምድር ነው፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል። ለገበሬው ግን ከሁሉ በፊት የቤት ክዳን ነው፣ ገመድ ነው፣ በዝናብ የሚደረብ ጌሳ ነው፣ በክፉ ዓመት የከብት ማቆያ ነው፣ ማገዶም ነው። አገሩን ያቀኑ የሁለት አባቶች፣ የአስቦና የገራ፣ ዘር የሆኑት ባለርስቶች ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ አለቃ እየመረጡ እንደጠበቁት ይነገራል። ሲዘጋ ለ3 ዓመት፣ አንዳንዴም ለ5 ዓመት ይዘጋል። በዚያ ጊዜ ሣር ማጨድ፣ ከብት ማሰማራት፣ አስታ የሚባለውን ቁጥቋጦ መቁረጥ ክልክል ነው።

እንግዲህ ከነዚህ የቄሮ አለቆች አንዱ፣ ዕድሜ ልካቸውን ጓሳን በፈረስ እየዞሩ የጠበቁ ሽማግሌ፣ መስከረም አጋማሽ ላይ ዐረፉ። ልጃቸው የአርባቸውን ተዝካር ሊደግስ ተነሣ። አገር የሚያወራው ድግስ እንዲሆን ፈለገ። አንድ ሰንጋና ዐሥር ሙክት አዘጋጀ። በርበሬና ቀይ ሽንኩርቱ ከቆላ በአህያ ወጣ፤ መንዝ ገብስና ባቄላ እንጂ በርበሬ አያበቅልም። ጠላው ተጠመቀ፣ ዳሱ ተጣለ። ብረት ድስት እንኳ ከሰንበቴው ማኅበር መዋስ አልፈለገም፤ ተበድሮ ሦስት ገዛ።

የጎደለው ማገዶ ነበር። የጥቅምት መጨረሻ በመንዝ ለማገዶ ክፉ ወቅት ነው፤ ያለፈው በጋ ኩበት በክረምቱ አልቋል፣ አዲሱ ደግሞ ገና አልደረቀም። በየቤቱ ያለው ከጣሪያ ሥር የተሸሸገ ጥቂት ነው። ጎረቤቶቹ ይህን አውቀው መጡና፣ «ከየቤቱ እቅፍ እቅፍ እናዋጣ፤ ተዝካሩን ያወጣዋል» አሉት። «እግዜር ይስጥልኝ፤ የአባቴን ተዝካር በሰው ኩበት አልደግስም» ብሎ መለሳቸው።

በዚያው ሌሊት ሁለት አሽከሮች መጥረቢያ አስይዞ፣ አህዮች አስነድቶ ወደ ጓሳ ላከ። ሳይነጋ የአስታ ሸክም ከበረቱ ጀርባ ተከምሮ ጭድ ተበተነበት።

ይህ ሰው ስስታም አይደለም፤ እንዲያውም እጀ ሰፊ ነው። ድሃ ሊያበላ፣ አባቱን ሊያከብር ነው የተነሣው። ነገር ግን ከጎረቤቱ ደጅ ቆሞ ሁለት ኩበት መቀበል አሳፈረው፤ የሁሉን በሌሊት መውሰድ አላሳፈረውም። ሲሰጡት የሚያንስ፣ ሲወስድ ግን ባለበት የሚቆይ መሰለው። እንዲህ ያለ ኩራት ለጋስ ሰው ላይ ሲሆን ያሳዝነኛል፤ ለጋስነቱ ኩራቱን ይሸፍንለታልና።

የተዝካሩ ዋዜማ መሸ። ወጥ ሠሪዋ ከመርሐቤቴ ተድረው የመጡ ባልቴት ነበሩ፤ በዚያ አካባቢ ትልቅ ድግስ ሲኖር ቁሌቱን የሚይዙት እርሳቸው ናቸው። ከዳሱ ጀርባ ለሦስቱም ድስት ጉልቻ አስጎለቱ፤ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ አይተው በዚያ በኩል የድንጋይ ካብ አስካቡ። ሜዳ ላይ ሲሠራ ነፋስ እሳቱን ከድስቱ ሥር ይነጥቀዋል፤ ይህን ያላሰበ ወጥ ሠሪ ማገዶውን ለሜዳው ያነደዋል።

ለብዙ ሰው የሚሠራ ቀይ ወጥ ግማሽ ድካሙ ቁሌቱ ላይ ነው። የተከተፈው ሽንኩርት ደረቅ ድስት ውስጥ ይገባል፤ ቅቤ የለ፣ ውሃ የለ። መጀመሪያ ሽንኩርቱ ራሱ ውሃ ያወጣል። ሴቶቹ እየተፈራረቁ በረጅም ማማሰያ ከሥሩ እየገለበጡ ያን ውሃ ያደርቁታል፤ ዓይናቸው ያለቅሳል፣ ክንዳቸው ይዝላል፣ እጅ ከማማሰያው አይነሣም። ከዚያ በርበሬው ይገባና ውሃ ጠብ እየተደረገለት ለረጅም ሰዓት ይንተከተካል። ያልበሰለ በርበሬ ጉሮሮ ይይዛል፤ ምንም ቅቤ አያድነውም። ቅቤውና ሥጋው ከዚያ በኋላ ነው፤ ኮረሪማውና ጥቁር አዝሙዱ የሚነሰነሰው ሊወርድ ሲል ነው። የመንዙ ወጥ ግን አንድ ተጨማሪ ፈተና አለበት። በዚያ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ ሥጋ ቶሎ እሺ አይልም፤ ማገዶ ይበላል። እሳቱ መሀል ላይ ከተቋረጠ ወጡ ወጥ አይሆንም።

ሌሊቱ ሲጋመስ ኩበቱ አለቀ። ሽንኩርቱ ውሃውን ጨርሶ መቅላት ጀምሯል። ባልቴቷ «ማገዶ!» አሉ። አሽከሩ ከበረቱ ጀርባ አንድ እስር ይዞ መጣና ሁለቱን ከመጀመሪያው ድስት ሥር ማገደ። ወዲያው ተያያዘ። በብርሃኑ የቀረውን እስር አዩት፤ ቅጠሉ አረንጓዴ ነው፣ የተቆረጠበት ቦታ ገና ነጭ ነው።

«ጌታህን ጥራልኝ» አሉት።

ልጁ ጋቢውን እንደተከናነበ መጣ።

«ልጄ፣ ጓሳ ተከፈተ እንዴ?»

«አልተከፈተም፣ እትዬ። ምን ላድርግ? ማገዶ የለም። ነገ ካህናቱ ይመጣሉ፣ ነዳያኑ ይመጣሉ። የአባቴ ነፍስ ባዶ ድስት ይጠብቃት?»

ባልቴቷ ዝም ብለው አዩት። ዝምታው ሲከብደው ቀጠለ፦ «አንዴ ተቆርጧል። ብናነደውም ባናነደውም አስታው ተመልሶ ከግንዱ ላይ አይቆምም። ቁሌቱ ደግሞ እሳት ላይ ነው።»

ይህ ክርክር ባዶ አይደለም። ብዙዎቻችን የምንረታው በእንዲህ ያለ ክርክር ነው፤ ጥፋቱ አልፏል፣ የቀረው ጥቅሙ ብቻ ነው ይለናል።

«እኔ የመርሐቤቴ ሰው ነኝ» አሉ ባልቴቷ። «በጓሳ ድርሻ የለኝም። ግን ስማኝ። መቁረጡን የምታውቁት አንተና አሽከሮችህ ናችሁ። ካነደድሁት እኔም አለሁበት፣ እነዚህ የሚያማስሉ ልጆችም አሉበት፣ ነገ ‹ነፍስ ይማር› ብሎ የሚጎርሰው ሁሉ አለበት፤ ሳያውቅ የበላው ሳይቀር። አባትህ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲከለክሉት የኖሩትን ነገር በአርባቸው ቀን አላበላቸውም።»

ይህን ብለው የሚነዱትን ሁለት እንጨቶች ከድስቱ ሥር ጎትተው አወጡ፤ አመድ ውስጥ ቀበሯቸው። ሴቶቹ ማማሰያቸውን እንደያዙ ቆሙ። ሽንኩርቱ ጥቂት ተንሿሿና ጸጥ አለ።

«እትዬ፣ ይህ ቁሌት ከቀዘቀዘ ይበላሻል እኮ!»

«ይበላሻል። ስለዚህ ቶሎ ሂድ።»

«ወዴት?»

«ጎረቤት። ሂድና ለምን።»

ውርጭ በወረደበት ሌሊት ወጣ። የቅርቡ ደጅ ስድስት ዓመት በርስት የሚካሰሰው ሰው ደጅ ነበር። ያን አልፎ ሄደ። ሁለተኛው ቤት የአንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ነው። ውሻው ጮኸ፤ «ማነው በዚህ ሌሊት?» አለች። «እኔ ነኝ፤ ማገዶ አለቀብኝ» አላት። ምንም ሳትጠይቅ ያላትን እቅፍ አድርጋ አወጣችለት። ሦስተኛው ቤትም እንዲሁ ሰጠው። በአራተኛው ደጅ ቆሞ ያንኑ ቃል ሲደግም ድምፁ ተያዘ። ሰዎቹ የሚሰጡት ያላወቁትን ነገር አምነው ነው፤ ከእነርሱ ላይ ሁለተኛ ጊዜ እየወሰደ እንደሆነ ገባው።

የተሰበሰበው ለአንድ ድስት እንጂ ለሦስት አይበቃም። ወደ ባላጋራው ደጅ ተመለሰ።

ባላጋራው በሩን ከፍቶ ከላይ እስከ ታች አየው። «ትናንት ‹እናዋጣ› ስንልህ እምቢ ያልኸው አንተ አይደለህም? ዛሬ ምን ተገኘ?»

እዚህ መዋሸት ይችል ነበር። ለዚህ ሰው እውነቱን መንገር ለጠላት ጦር ማቀበል ነው፤ ነገ ችሎት ላይ «ይህ ሌባ ነው» ብሎ ሊያነሣው ይችላል። እርሱ ግን ከበረቱ ጀርባ ያለውን ሁሉ ነገረው። አሽከሮቹን «እነርሱ ናቸው» አላለም፤ «እኔ ላክኋቸው» አለ።

ሰውየው ወደ ውስጥ ገባ። ብዙ ቆየ። ሲወጣ ሁለት ቅርጫት ሙሉ ኩበት ይዞ ነበር። «ይኸው። ግን ነገሩን ለቄሮው አለቃ ራስህ ትነግራለህ። እስከ ቅዳሴ መውጫ ካልነገርህ እኔ እነግራለሁ» አለው።

ከሦስቱ ድስት የአንዱ ሽንኩርት አልተረፈም፤ ባልቴቷም እንኳ ሊያድኑት አልቻሉም፣ ተደፋ። የሁለቱ ተመለሰ። ኩበት የሰጡት ሴቶች እንቅልፋቸው ስለሄደ ወደ ጉልቻው መጡና ማማሰያ ተቀበሉ፤ በጎረቤቶቹ የመጀመሪያ አሳብ መሠረት ሊሆን የነበረውም ይኸው ነበር።

ጠዋት ፍትሐቱ እንዳበቃ ልጁ ከአዲሱ የቄሮ አለቃ ፊት ቆሞ ተናገረ። ሽማግሌዎቹ ወደ ዳሱ ከመግባታቸው በፊት ከካቡ ሥር ተቀመጡ። ቅጣቱን ለመቁረጥ አልተቸገሩም፤ ጓሳ ሲከፈት በዚያ ዓመት የዚያ ቤት ማጭድ እንዳይገባ ወሰኑ። የተቸገሩት ስለ እንጨቱ ነው። አንዱ፣ «ለቤተ ክርስቲያን ይሰጥ፤ ነዳያን ይሙቁበት» አሉ። አለቃው አልተቀበሉም። ሸክሙ ሁሉ ወደ ጓሳ ጠርዝ ተመልሶ እዚያው እንዲበሰብስ ፈረዱ።

በውርጭ አገር፣ ማገዶ በሌለበት ወር፣ እንጨት ይበስብስ ማለት ጭካኔ ይመስላል። እኔ ግን ከአለቃው ጋር ነኝ። ያ እንጨት ለድሃ ቢሰጥ ኖሮ የሚቀጥለው ሌባ በድሃ ስም ይቆርጥ ነበር። ማንም «ልስረቅ» ብሎ ጓሳ አይገባም፤ አንዱ ሠርግ አለበት፣ ሌላው ጣሪያው አፍስሷል፣ ሌላው ተዝካር አለበት። በ1967 መሬት የሕዝብ ሲሆን የርስት ሥርዓት ቀረ፤ በርሱ ላይ ቆሞ የነበረው ቄሮም አብሮ ፈረሰና ጓሳ በዚያ ጊዜ ክፉኛ ተጎዳ። ያኔም የገቡበት ሰዎች አብዛኞቹ በቂ ምክንያት ያላቸው ችግረኞች እንደነበሩ አልጠራጠርም። ዛሬ የአካባቢው ቀበሌዎች እንደገና ተሰባስበው፣ ደንብ አውጥተው፣ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆነውን ይጠብቁታል።

ወጡ የደረሰው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። የኩበት እሳት ዝግ ያለ ስለሆነ ሥጋው በደንብ አልበሰለም ነበር፤ ጥርስ የሌላቸው ሽማግሌዎች መረቁን በእንጀራ እያጠቀሱ በሉ። የአንድ ድስት ወጥ ስለጎደለ ባልቴቷ ጭልፋውን ራሳቸው ያዙ፤ ለካህናቱ ገበታና በዳሱ ጫፍ ለተቀመጡት ነዳያን በአንድ ልክ አወጡ። ይህ ቅር ያሰኘው ሰው ነበር፣ አልደበቀም። ባለ ድግሱ ከሴቶቹ ጋር ከድስቱ ሥር የቀረውን በላ።

ኅዳር ላይ አንድ ማለዳ ባላጋራው ወደ ልጁ ደጅ መጣ። በሬው እግሩን ታሞበት ነበር።

«የፊታችን ሐሙስ ቀጠሮ አለን» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ያን ርስት አልለቅልህም።»

«እኔም አልለቅልህም።»

«እስከዚያው አንዱን በሬህን ለአንድ ቀን አውሰኝ።»

በሬው ማክሰኞ ሄዶ ማክሰኞ ማታ ተመለሰ። ሐሙስ ሁለቱም ችሎት ፊት ቆመው ተከራከሩ።