ቃልና ሹመት

ሰው ሳይሾም የተናገረውን ቃል ከተሾመ በኋላ ስለ ምን አይጠብቀውም? በዚህ ጥያቄ እዚህ በለሚ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ጥላ ሥር ተቀምጠን፣ ከካህናትና ከአገር ሽማግሎች ጋራ ብዙ ጊዜ ተጨዋውተናል። የቅኔ ሰዎች ነንና መልሱ ቀላል መስሎ ይታየናል፤ ቃሉ ሰም፣ ምኞቱ ወርቅ ነበር፤ የሹመት እሳት ሲነካው ሰሙ ቀለጠ፣ ወርቁም ተገለጠ እንላለን። አባባሉ ያማረ ነው፤ እውነቱ ግን እንዲህ አይቀልም።

የዐፄ ቴዎድሮስን ነገር እንመልከት። በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ፣ ከሽፍትነት የመጡ ሰው ነበሩና የድኻውን መከራ ያወቁት በወሬ አልነበረም። ገበሬው ወደ እርሻው፣ ነጋዴውም ወደ ንግዱ ይመለስ ብለው ዐወጁ፤ የባሪያ ንግድ እንዲቀር አዘዙ፤ መሳፍንት የተከፋፈሏትንም አገር አንድ ለማድረግ ቈርጠው ተነሡ። ይህ ኹሉ ሰም ብቻ ነበር የሚል ሰው ታሪኩን በሚገባ አልመረመረም። ይህን የእኛን ሸዋን በ1848 ዓ.ም. በያዙ ጊዜ ስንኳ ብላቴናውን ምኒልክን ወደ መቅደላ ወስደው እንደ ልጅ አሳደጉት፤ ኋላም ልጃቸውን ዳሩለት።

ከ10 ዓመት በኋላ ግን ሌላ ሰው እናያለን። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው በወሎ ሲያልፉ ወይዘሮ ወርቂት ተቀበሏቸው፤ ንጉሡም በእጃቸው ታስሮ የነበረውን የወይዘሮዪቱን ልጅ አስገደሉት። እናት ባደረገችው ልጅ ሞተ። በኅዳር 1859 ዓ.ም. ጎንደርን ከነአብያተ ክርስቲያናቷ አቃጠሉ። ዘውድ የጫኑላቸው አቡነ ሰላማም በመቅደላ እንደ ታሰሩ በ1860 ዓ.ም. ዐረፉ። ስለ ቤተ ክህነት መሬት የተነሣውን ክርክር እዚህ አልቈጥረውም፤ በዚያ ነገር እኛ ካህናቱ ተከራካሪ ነንና ዳኛ ልንሆን አይገባንም።

ታዲያ የአንድነትን ሐሳብ ተዉትን? አልተዉትም። በመቅደላ እስከ ሞቱበት ቀን፣ እስከ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ድረስ ይዘውት ነበር። የተለወጠው ሌላ ነው። በመዠመሪያ አንድነት ከንጉሡ በላይ ነበረች፤ ንጉሡም ያገለግሏት ነበር። ኋላ ግን አንድነትና ንጉሡ አንድ አካል ሆኑ፤ ስለዚህም ንጉሡን የተቃወመ ኹሉ አገርን እንደ ተቃወመ ተቈጠረ። ቃሉ በቦታው ቆሞ ሳለ ትርጓሜው ተለወጠ። ሳይፈሩ ይመክሯቸው የነበሩትም በየተራ አለቁ፤ እቴጌ ተዋበች በ1850 ዓ.ም. ዐረፉ፣ እንግሊዛዊው ወዳጃቸው ዮሐንስ ቤል ከጥቂት ዓመት በኋላ በጦርነት ወደቀ፣ ጳጳሱም ታሰሩ። የቀረው የሚፈራና የሚበላ ነው። እኛስ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» እያልን ልጆቻችንን የምናሳድግ ሰዎች፣ ንጉሥ ብቻ ይወቀስ ልንል እንችላለንን?

በአባቶቻችን ዘመን የሆነው ደግሞ ከዚህ ያጠረ ነው። በ1966 ዓ.ም. የተነሡት ወታደሮች ለውጡ ደም ሳይፈስ ይፈጸማል አሉ፤ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት 60 ያህል ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ከቃሉ እስከ ጥይቱ ዓመት አልሞላም። ያም ፖለቲካዊ ውሳኔ ተባለ እንጂ ቃል ማፍረስ አልተባለም።

ከለሚ አፋፍ ቆሞ ወደ ጀማ ሸለቆ ቍልቍል የሚመለከት ሰው፣ በታች የሚሄደው መንገደኛ ጕንዳን ይመስለዋል። ያው ሰው ግን ማለዳ ከወንዙ ተነሥቶ ዳገቱን ሲወጣ እያንዳንዱን ድንጋይ በእግሩ ያውቀው ነበር። ዐይኑ አልታመመም፤ የቆመበት ስፍራ ነው።

ስለ ነገሥታት ይህን ያህል ከተናገርሁ ስለ ራሴም ልናገር። ተማሪ ሳለሁ፣ አኩፋዳ አንግቼ ቍራሽ እየለመንሁ፣ መምህር በተማሪ መታረምን ስለ ምን ይጠላል እያልሁ ከባልንጀሮቼ ጋራ አማ ነበር። እኔ ወንበር ብዘረጋ የሚያርመኝን አመሰግናለሁ ብዬም በፊታቸው ቃል ሰጠሁ። ዘመኑ ደረሰና ወንበር ዘረጋሁ። አንድ ቀን በጉባኤው መካከል ቅኔ ስናገር አንድ ታናሽ ተማሪ ብድግ ብሎ፣ «የኔታ፣ ይህ ግሥ እንዲህ አይረባም» አለኝ። እኔም፣ «ተቀመጥ፤ አስቀድመህ ተማር» አልሁት። ልጁ ዐፍሮ ተቀመጠ፤ የቀሩትም ሣቁበት። ያን ጊዜ የተቈጣሁት ስለ ራሴ ክብር አልመሰለኝም፤ ስለ ቅኔ ክብርና ስለ ጉባኤው ሥርዐት የተቈጣሁ መስሎኝ ነበር።

ማታ ግሡን ለብቻዬ አወረድሁት፤ ልጁ እውነተኛ ነበረ። በማግሥቱ ጠርቼ ትክክል መሆኑን ነገርሁት። ነገር ግን የነገርሁት ለብቻው ነው፤ የሣቁበት አልሰሙም።