ያልበላነው ዕዳ

ከመካከላችሁ አንዱ የመጀመሪያ ዲግሪውን ጨርሶ «በኢነርጂና በአየር ንብረት ለውጥ ሁለተኛ ዲግሪ ልማር ነው» ቢል ጓደኞቹ ምን ይሉታል? አንዱ ያደንቀዋል። ሌላው «ሥራ ይገኝበታል ወይ?» ይላል። ጠንከር ያለው ግን እንዲህ ይጠይቀዋል፦ «ሰማዩን ያቆሸሹት ሌሎች ናቸው። ያልበላነውን ዕዳ እኛ ለምን እንከፍላለን? የሰው ጥፋት ስታጠና ሁለት ዓመት ልትፈጅ ነው?»

ወዳጆቼ፣ ይህ ጥያቄ ተስቆበት የሚታለፍ አይደለም። እውነት አለበት። ከዓለም ሕዝብ 18 በመቶ ያህሉ የሚኖረው በአፍሪካ ነው፤ አፍሪካ ወደ አየር የምትለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ከዓለሙ 4 በመቶ አይሞላም። አንድ አሜሪካዊ በአማካይ በዓመት 14 ቶን ገደማ ሲለቅ የአንድ ኢትዮጵያዊ ድርሻ ሩብ ቶን እንኳ አይደርስም። መንግሥታት ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1992 ባጸደቁት የአየር ንብረት ስምምነት፣ ኃላፊነቱ የሁሉም ቢሆንም እኩል እንዳልሆነ አምነዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 በግብፅ ሻርም ኤል ሼክ ሲሰበሰቡም ለተጎዱ አገሮች የሚውል ፈንድ እንዲቋቋም ተስማምተዋል። ስለዚህ «ያጠፋ ይክፈል» የሚል ሰው ፍትሕ እየጠየቀ ነው። ፍትሕ መጠየቅ ደግሞ ለአማኝ ነውር አይደለም።

ነገር ግን ይህ ጥያቄ ሁለት ነገሮችን በአንድ ገመድ አስሮ ይዟል። አንዱ «ጥፋተኛው ማን ነው?» የሚለው ነው። ሌላው «የወደቀውን ማን ያንሣው?» የሚለው ነው። የመጀመሪያው ስለተመለሰ ሁለተኛውም የተመለሰ ይመስለናል። ደጉ ሳምራዊ ሰውየውን አልደበደበም። ወንበዴዎቹ እስኪያዙም ቆሞ አልጠበቀም። ቁስሉን ያሰረውና ለማረፊያው የከፈለው ጥፋተኛ ስለነበረ ሳይሆን፣ በዚያ መንገድ ስላለፈ፣ ስላዘነለትና የሚረዳበትም ነገር በእጁ ስለነበረ ነው። የእርሱ መክፈል ደግሞ ወንበዴዎቹን ነጻ አላወጣቸውም።

እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በቦረና አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሳይሳኩ አለፉ። ለአርብቶ አደር ከብት ማለት ምግብ ነው፣ ጥሪት ነው፣ የልጅ ደብተር መግዣ ነው። ከብቱ ያለቀበትን አባወራ «መንግሥታት ክርክራቸውን እስኪጨርሱ ታገሥ» ማለት አንችልም።

ታዲያ ትምህርቱ ምን ይረዳል? የአየር ንብረት ለውጥ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን የሚቀልጥ የበረዶ ተራራ ነው። እስቲ ወደ ቤታችን እንምጣ። በአገራችን ከሚመነጨው ኤሌክትሪክ ከአሥር እጅ ዘጠኙ የሚገኘው ከውኃ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ግድብ ግን የሚሞላው በዝናብ ነው። ዝናቡ ሲዛባስ? በአዳማ እና በመቀሌ አቅራቢያ በአሸጎዳ የቆሙት የነፋስ ተርባይኖች የመልሱ አካል ናቸው፤ ነፋሱ የሚበረታው ዝናብ በሌለበት በበጋ ወራት ነውና። ከውኃ ምን ያህል፣ ከነፋስና ከፀሐይ ምን ያህል፣ እንደ አሉቶ ላንጋኖ ካለው የከርሰ ምድር እንፋሎት ምን ያህል እናምጣ የሚለው በግምት የሚወሰን አይደለም። ተቀምጦ የሚያሰላ ሰው ይፈልጋል።

ከዚያ ደግሞ ማዕድ ቤት እንግባ። ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ መብራት የለውም። መብራት ካላቸውም ብዙዎቹ አሁንም የሚያበስሉት በእንጨት፣ በከሰልና በኩበት ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፤ የሰፈሩ ምጣድ ሁሉ በአንድ ሰዓት ሲሰካ መብራቱ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ምርጥ ምድጃ የሚባለው ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ግማሽ ያህል ይቆጥባል። እንዲህ ያለ ምድጃ ከሰማይ አልወረደም። እሳቱ የት የት እንደሚባክን ያጠና ሰው አለ።

እንግዲህ ይህን አስቡ፦ አንድም የሩቅ አገር ፋብሪካ አየሩን ባያቆሽሸው ኖሮ እንኳ ይህ ጭስ በእናቶቻችን ዓይን ውስጥ ይኖር ነበር። ይህኛው ዕዳ የማንም አይደለም፤ የቤታችን ነው።

የውጪውን ዕዳ ለማስከፈልም ቢሆን ቆጣሪ ያስፈልጋል። ሰር ጆን ሃውተን የሚባል ዌልሳዊ የወንጌል አማኝ ነበረ። በኦክስፎርድ የከባቢ አየር ፊዚክስ ፕሮፌሰር ሆኖ አስተምሯል፤ በተባበሩት መንግሥታት ሥር ያለው የአየር ንብረት ለውጥ የሳይንቲስቶች ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣው የመጀመሪያ ሪፖርት የሳይንሱን ክፍል መርቷል። አገሩ ብሪታንያ የድንጋይ ከሰልን በሰፊው በማንደድ ቀዳሚ ከነበሩት አገሮች አንዷ ናት። ሃውተን ከባለዕዳዎቹ ወገን ሆኖ ዕዳው እንዲቆጠር ደከመ። ከእኛ ወገንስ የሚቆጥር ማን ነው? በጉባኤ ላይ «ተጎድተናል» ማለት ብቻ አይበቃም። ዝናቡ በየዓመቱ ምን ያህል ነበር? ከጉዳቱ የትኛው ከአየር ንብረት ለውጥ፣ የትኛው ከራሳችን የመሬት አያያዝ መጣ? ይህን ለይቶ የሚያስረዳ ሰው ከሌለን ፍትሕ ጥያቄያችን ጩኸት ብቻ ሆኖ ይቀራል። «ያጠፋ ይክፈል» የሚለው ጓደኛ ከልቡ ከሆነ፣ ወዳጁን ከመከልከል ይልቅ ሻንጣውን ተሸክሞ ቢሸኘው ይሻል ነበር።

ይህን ስል ሁላችሁም ሂዱ ማለቴ አይደለም። የትምህርት ዕድሉ አለ። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የአየር ንብረት ለውጥን ከግብርና ጋር አያይዞ የሚያጠና ማዕከል አለው። በአፍሪካ ኅብረት ሥር ያለው የፓን አፍሪካ ዩኒቨርሲቲም በአልጄሪያ ትሌምሰን ከተማ የውኃና የኢነርጂ ሳይንስ ተቋም አለው፤ ከልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች የመጡ ተማሪዎችን በነጻ የትምህርት ዕድል ያስተምራል። ነጻ የትምህርት ዕድል ግን ለሁሉም ነጻ አይደለም። በእነዚያ ሁለት ዓመታት የታናሽ እህታችሁን የትምህርት ቤት ክፍያ ማን ይከፍላል? የእናታችሁን መድኃኒት ማን ይገዛል? የበኩር ልጆች የሆናችሁ ይህን ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ለሩቁ ባልንጀራ ብሎ የቅርቡን መርሳት በጎነት አይደለም። ከቤተሰብ ጋር ሳይመካከሩ «ጌታ ጠርቶኛል» ብሎ ብድግ ማለትም መንፈሳዊነት አይመስለኝም። ሥራ ይዞ ቤተሰቡን እየደገፈ የሚቀረው ወጣት ጥሪው ከሚሄደው አያንስም። የወንድሟን ድርሻ ሁለት ዓመት ሸፍና የላከችው እህትም፣ ስሟ በወረቀቱ ላይ ባይጻፍም የዚያ ዲግሪ ባለቤት ናት።

ለሚሄዱትም አንድ ነገር ልበል። በዚህ ሙያ ዙሪያ ገንዘብ አለ፦ ፕሮጀክት አለ፣ ስብሰባ አለ፣ አበል አለ፣ ቪዛ አለ። እነዚህ በራሳቸው ኃጢአት አይደሉም። ግን የድሃውን ድርቅ መተዳደሪያ አድርጎ ድሃውን ራሱን መርሳት ይቻላል። ስለዚህ ለራሳችሁ አንድ መመዘኛ ያዙ፦ «እኔ በመማሬ የማን ጭስ ይቀንሳል?» መልሱ የአንድ መንደር፣ የአንድ ወረዳ ወይም የአንዲት እናት ስም ይኑረው። «የዓለም» ብቻ ከሆነ ገና አልተመለሰም።

ማመልከቻውን ከመሙላታችሁ በፊት አንድ ቅዳሜ እንጀራ በእንጨት በሚጋገርበት ቤት ተቀመጡ። ማገዶው ሳይነድ መዝኑት። ስንት እንጀራ እንደወጣ ቁጠሩ። የምትጋግረዋን እናት ማገዶው ከየት እንደመጣና በስንት እንደተገዛ ጠይቋት፤ ሳሏንም ስሙ። ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ መልስ ያጣችሁለት ጥያቄ በልባችሁ ከቀረ፣ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ርእስ አግኝታችኋል። በመንገድ ላይ ያ ጓደኛችሁ «ይህ ሁሉ የማን ጥፋት ነው?» ቢላችሁ ቁጥሩን ሳትደብቁ ንገሩት። ከዚያም ሚዛኑን አንድ ጊዜ እንዲይዝላችሁ ጠይቁት።