«አልታየም» ማለት «የለም» ማለት ነው?

ከመካነ ሰላም ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደውን መንገድ የምታውቁ ይህንንም ታውቃላችሁ፤ ከላይ ደጋው ጋቢ ያስደርባል፣ ከታች ቆላው ወባ አለበት። ለሥራ ወይም ለንግድ ወርዶ የተመለሰ ሰው ብርድ ብርድ ሲለውና ሲያንቀጠቅጠው ጎረቤቱ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ቆላ ወርደህ ነበር እንዴ?» ብሎ ነው። ጤና ጣቢያ ሲሄድ ጣቱ ይወጋል፣ የደም ጠብታ በስላይድ ላይ ይቀባል፣ ቀለም ይነከራል። ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ በአንድ መሣሪያና በአንድ ባለሙያ ዓይን ላይ ይወድቃል። ሥጋቱም ቀላል አይደለም። በ1958 እ.ኤ.አ. በአገራችን የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ከ1600 እስከ 2150 ሜትር ከፍታ ያላቸውን አካባቢዎች አዳርሶ 150 ሺህ ያህል ሰው እንደ ገደለ ይገመታል።

መሣሪያውን በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ አይታችሁት ይሆናል፤ ካልሆነም ሥዕሉን በመጽሐፍ አይታችኋል። አማርኛችን «አጉሊ መነጽር» ይለዋል። ይህ ስም ግን በእጅ ለሚያዘውም ስለሚያገለግል ላቦራቶሪ ውስጥ የምትሰሙት «ማይክሮስኮፕ» የሚለውን ነው። ቃሉ የግሪክ ነው፤ ፊተኛው ክፍል «ትንሽ»፣ ኋለኛው «መመልከት» ማለት ነው። (በነገራችን ላይ በጢሞቴዎስ መልእክት የምታነቡት «ኤጲስ ቆጶስ» የተባለው ቃልም ከዚሁ «መመልከት» ከሚለው ሥር የወጣ ነው፤ ከላይ ሆኖ የሚመለከት፣ የሚጠብቅ ማለት ነው። ኤጲስ ቆጶስና ማይክሮስኮፕ ዘመዳሞች ናቸው ብትሉ አልዋሻችሁም።)

እኔን የሚይዘኝ ግን ከፊቱ የሚጨመረው ቃል ነው፤ «የብርሃን» ማይክሮስኮፕ። ሁሉም በብርሃን የሚሠራ ቢሆን ኖሮ ይህ ቅጽል ባላስፈለገ ነበር። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር በኤሌክትሮን የሚሠራ ሌላ ዓይነት ሲመጣ፣ የቀድሞው በምን እንደሚያይ መናገር ግድ ሆነ። ስለዚህ ስሙ ክብሩን ብቻ ሳይሆን ወሰኑንም ይናገራል።

አሠራሩን ላስታውሳችሁ። ብርሃን ከታች፣ ከአምፖል ወይም የቀን ብርሃን ከሚያንጸባርቅ መስታወት ይነሣና ናሙናውን አልፎ ወደ ሌንሶቹ ይወጣል። ታችኛው ሌንስ 100 ጊዜ፣ ዓይን የሚጠጋበት 10 ጊዜ ሲያጎሉ ባንድ ላይ 1000 ጊዜ ይሆናል። ከአንድ ሚሊሜትር ሺህ እጅ ሰባቱን ብቻ የሚያህል ቀይ የደም ሕዋስ ያን ጊዜ ሰባት ሚሊሜትር መስሎ ይታያል። ብርሃን እንዲያልፍበት ናሙናው ስስ መሆን አለበት። ደግሞ ብርሃኑ ሲበዛ ነገሩ ይጠፋል! ቀለም ያልተነከረ ስስ ናሙና የሚያይ ሰው ብርሃኑን መቀነሻውን ጠበብ ያደርገዋል እንጂ ቦግ አያደርገውም።

ታዲያ ሌንስ በሌንስ ላይ ጨምረን ሁሉን ማየት አንችልም? አንችልም። ኤርንስት አቤ የተባለው ጀርመናዊ በ1873 እ.ኤ.አ. ምክንያቱን አስረዳ። ብርሃን ራሱ የሞገድ ርዝመት አለው፤ ሁለት ነጥቦች ከአንድ ሚሊሜትር አምስት ሺህኛ ገደማ በላይ ከተቀራረቡ ተዋሕደው አንድ ይመስላሉ። ከዚያ ወዲያ ብታጎሉት የሚጎላው ብዥታው ነው። ኤችአይቪን የመሰሉ ቫይረሶች ከዚህ ወሰን በታች ናቸው። ይህ የሠሪው ስንፍና አይደለም፤ የብርሃኑ ጠባይ ነው።

ጥንቁቅ የላቦራቶሪ ባለሙያ በውጤት ወረቀቱ ላይ «የወባ ተሐዋሲ አልታየም» ብሎ የሚጽፈው ለዚህ ነው። «የለም» አይልም። ለወባ ቢያንስ 100 ቦታ ላይ ሳይመለከት «አልታየም» ማለት አይገባውም፤ ተመልክቶም ቃሉ ያው «አልታየም» ነው። በ1880 እ.ኤ.አ. በአልጄሪያ ኮንስታንቲን ከተማ ላቬራን የተባለ ፈረንሳዊ የጦር ሐኪም የወባን ተሐዋሲ በደም ውስጥ ሲያይ ብዙ ሊቃውንት ለዓመታት አላመኑትም። የኖቤል ሽልማት የተሰጠው በ1907 ነው። ሰዎች ከዚያ በፊትም በወባ ይሞቱ ነበር፤ ተሐዋሲውም በደማቸው ውስጥ ነበረ።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። የሳንባ ነቀርሳ የያዘው አንድ ወንድም መድኃኒት ከጀመረ ሁለት ወር ሆነው እንበል። ሳሉ ቀንሷል፣ መብላት ጀምሯል፣ ተጸልዮለታልም። አክታው ሲመረመር «አልታየም» የሚል ወረቀት ይሰጠዋል። እሑድ መድረክ ላይ ወጥቶ «ሐኪሞቹ በሽታው የለብህም አሉኝ» ይላል። ጉባኤው እልል ይላል። ሰኞ መድኃኒቱን ያቆማል። ታሪኩን ለምሳሌ ያህል ያቆምኩት እኔ ነኝ፤ የሚመስለውን ያልሰማ የወጣቶች ኅብረት ካለ ግን ይገርመኛል።

ማን ዋሸ? ወረቀቱ አልዋሸም። ወንድማችንም ሊዋሽ አላሰበም። ከላቦራቶሪው መስኮት እስከ መድረኩ ድረስ አንዲት ቃል ተለወጠች፤ «አልታየም» «የለም» ሆነች። ይህን ባክቴሪያ በማይክሮስኮፕ ለማየት በአንድ ሚሊሊትር አክታ ውስጥ ከ5,000 እስከ 10,000 ያህል መኖር አለበት። ከዚያ ያነሰው ተደብቆ ይቀራል። የተለመደው ሕክምና ስድስት ወር የሚፈጀው ይህን የተረፈውን ለመጨረስ ነው። መሐል ላይ ከተቋረጠ በሽታው ሊመለስ፣ መድኃኒቱንም ሊለምድ ይችላል፤ ያን ጊዜ ሳሉ የሚደርሰው አብረውት አንድ ክፍል ውስጥ ለሚተኙት ልጆች ነው።

እግዚአብሔር አይፈውስም እያልኩ አይደለም፤ እንደሚፈውስ አምናለሁ። የምጠይቀው ስለ ምስክር ነው። ምስክር ካየው በላይ ሲናገር፣ ለመልካም ነገር ቢሆንም እንኳ፣ ምስክርነቱ ምን ይሆናል? በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ላይ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አስቡት። ስለ ፈወሰው ሰው ሲያፋጥጡት የማያውቀውን አላውቅም ብሎ የሚያውቃትን አንዲት ነገር ይዞ ቆመ። አስደናቂ ምስክር ያደረገው ይኸው ይመስለኛል።

ስሕተቱ የአማኞች ብቻ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ «በመሣሪያ ያልታየ ነገር የለም» የሚል ወጣትም ያችኑ ቃል በሌላ በኩል ለውጧታል። እኛ ደግሞ ይህን ስንሰማ «እንግዲያው ሳይንስ ያላየውን ሁሉ እኛ አይተናል» ለማለት እንቸኩላለን፤ እሱም አይሆንም። ብርሃኑ የማይደርስበት ቦታ መኖሩ በዚያ ቦታ የፈለግነውን እንድናስቀምጥበት አይፈቅድልንም።

ያ ወንድም መድረክ ላይ ወጥቶ «ጸልያችሁልኛል፤ በአክታዬ ውስጥ ባክቴሪያ አልታየም፤ መድኃኒቴን የምጨርሰው ግን ከአራት ወር በኋላ ነው» ቢል፣ እልልታው የሚቀንስበት ምክንያት አይታየኝም።