እውነት አገር አላትን?

በሽታ የመንግሥታትን ድንበር አያውቅም፤ ስለዚህ የልዩ ልዩ አገር ሊቃውንት ተባብረው መድኃኒት መፈለጋቸው የተመሰገነ ነው። ነገር ግን አብሮ መሥራትና ተከባብሮ መሥራት አንድ አይደሉም። አንዱ ወገን ገንዘብና መሣሪያ፥ ሁለተኛው በሽታውና የአገር ዕውቀት ሲኖረው፥ የነገሩ ዳኛ ማን ሊሆን ይገባል?

ለዚህ ጥያቄ የእንዶድ ታሪክ ምሳሌ ይሆናል። በእንዶድ ፍሬ የኢትዮጵያ ሴቶች ከጥንት ጀምሮ ልብስ ያጥቡበታል። በ1964 በአውሮፓውያን አቈጣጠር፥ ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ ልብስ ከሚታጠብበት ስፍራ በታች፥ በወራጁ ውኃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዝያ ትል ወደ ሰው ከመድረሱ አስቀድሞ የሚያድገው በእነዚህ ፍጥረቶች ውስጥ ነው። ከ1969 እስከ 1974 ድረስ በዐድዋ ውኃዎች እንዶድ ቢጨመር፥ ከ1 እስከ 6 ዓመት ካላቸው ሕፃናት መካከል በሽታው የሚገኝባቸው ከመቶ 50 የነበሩት ወደ 7 ወረዱ።

ይህም ሁሉ ተደርጎ፥ በኢትዮጵያ የተደረገው ምርመራ ለዓለም አቀፍ ተቋማት በቂ ምስክር አልሆነም፤ የእንዶድ መርዝነት በእነርሱ ደንብ፥ በውጭ አገር ላቦራቶሪ እንደገና ይመርመር ተባለ። በዚህም ብዙ ዓመት አለፈ። ዶክተር አክሊሉና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት የተቀበሉት በ1989፥ ይኸውም ከግኝቱ 25 ዓመት በኋላ ነው።

ፍርድ ለሁለቱም ወገን እኩል ይሁን። ሰውና ከብት በሚጠጡት ውኃ የሚጨመር ነገር በጥብቅ መመርመሩ ተገቢ ነው፤ ጥንቃቄን ንቀት ብሎ መክሰስ ስሕተት ይሆናል። ቢሆንም ደንብ የሚያዝ ሰው ደንቡ የሚፈጸምበትን መሣሪያና ትምህርት ለባልንጀራው ካላካፈለ፥ ደንቡ ሚዛን መሆኑ ቀርቶ የደጅ መዝጊያ ይሆናል። ሊቃውንት ሲከራከሩ ሊቃውንቱ የሚያጡት ጊዜ ብቻ ነው፤ የመዘግየቱን ዕዳ የሚከፍለው ግን ከወንዙ ገብቶ የሚታጠበው ሕፃን ነው።

ስለዚህ የጋራ ምርመራ ከመጀመሩ አስቀድሞ፥ ማስረጃው በምን እንደሚመዘን ሁለቱ ወገኖች ተመካክረው ይወስኑ፤ መመዘኛውም በሽታው ባለበት አገር ይተከል። እውነት አገር የላትም፤ ምስክሮቿ ግን አገር አላቸው፤ ምስክርም የሚመዘነው በቃሉ እንጂ በመጣበት አገር አይደለም።