ሰባት ቤት ለውሻ

መቼም በአገራችን ዘር ሲቆጠር ያላየ የለም። ልጅ "ላገባ ነው" ሲል ሽማግሌዎች ቁጭ ብለው የሁለቱንም ወገን እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። የሚቆጥሩትም ዝምድና ከተገኘ ጋብቻው እንዲቀር ነው። አንዲት ቅድመ አያት በዚህም በዚያም ስሟ ከተነሳ ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃል። ፍቅር ቢባል፣ ሀብት ቢባል የሚሰማ የለም።

የፈረንጅ ውሻ አርቢዎችም ዘር ይቆጥራሉ። እ.ኤ.አ. በ1873 ለንደን ላይ ኬኔል ክለብ የሚባለው ማኅበር ተቋቋመ፤ በዓመቱም የመጀመሪያውን የዘር መዝገብ አሳተመ። ከዚያ ወዲህ "ንጹሕ ዘር" ነኝ የሚል ቡችላ አባቱ፣ እናቱ፣ አያቶቹና ቅድመ አያቶቹ በስም የተዘረዘሩበት ወረቀት ይዞ ይመጣል። ብዙዎቻችን ከነአያታችን ስማችንን ጠርተን ስንጨርስ ትንፋሽ ያጥረናል፤ ውሻው ግን በጽሑፍ ይዞታል።

ልዩነቱ ከቆጠራው ዓላማ ላይ ነው። የእኛ ሽማግሌዎች የሚቆጥሩት ዘመድና ዘመድ እንዳይገናኙ ነው፤ የውሻው መዝገብ የሚቆጥረው ባዕድ እንዳይገባ ነው። ዝርያው ብዙ ከሆነ ጉዳቱ ቶሎ አይታይም። ብርቅ ሲሆን ግን፣ ማለትም በዓለም ላይ ያሉት ውሾች ከጥቂት መሥራቾች የተገኙ ሲሆኑ፣ ባዕድ አይግባ ማለት የአጎት ልጅ ለአጎት ልጅ ይዳር ማለት ይሆናል። እንግዲህ አንድ ሰው ብርቅ ቡችላ ፈልጎ ወደ ገበያ ሲወጣ "ታማኝ አርቢ" ብሎ የሚያምነው ማንን ነው? ጥያቄው የውሻ ይመስላል። እስቲ ጥቂት አብረን እንሂድ፤ የውሻ ብቻ ሆኖ ከተገኘ እታረማለሁ።

ቨርጂንያ የሚኖር አንድ ወዳጄ ባሴንጂ የሚባለውን ውሻ ፈለገ። ባሴንጂ የእኛው አህጉር ልጅ ነው፤ ከኮንጎ ደን የወጣ አዳኝ። ጆሮው የቆመ፣ ጭራው የተጠቀለለ፣ ግንባሩ እንደ ሐሳበኛ ሽማግሌ የተጨማደደ ነው። እንደ ሌላው ውሻ አይጮኽም፤ "ውሻ በበላበት ይጮኻል" የሚለው ተረታችን እሱን አይመለከተውም። ሴቷ ደግሞ እንደ አብዛኞቹ ውሾች በዓመት ሁለት ጊዜ ሳይሆን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ለወንድ የምትፈልገው። ስለዚህ ቡችላ የሚፈልግ ሰው ወረፋ ይዞ ወራት ይጠብቃል።

ወዳጄ አንዲት አርቢ አገኘ። ሴትዮዋ ዋጋ ከመንገሯ በፊት የጥያቄ መዓት አወረደችበት። በቀን ስንት ሰዓት ቤት ትውላለህ? ግቢህ አጥር አለው? ከዚህ በፊት የነበረህ ውሻ እንዴት ሞተ? አገርህ ስትሄድ ማን ይጠብቅልሃል? ማሳደግ ቢያቅትህ ለእኔ ለመመለስ ትፈርማለህ? ወዳጄ ስልክ ደውሎ እሳት ለበሰብኝ። "ወንድሜ፣ ቪዛ ስጠይቅ እንኳ እንዲህ አልተመረመርኩም! ገንዘቤን ይዤ ልለምናት ነው እንዴ?" ሌላ ሻጭ ደግሞ አግኝቷል። ያኛው የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የክሬዲት ካርድ ቁጥር። ቡችላውን ከአንድ የገበያ አዳራሽ መኪና ማቆሚያ ድረስ አመጣልሃለሁ ብሎታል። "ያከበረኝ ይኼኛው ነው" አለኝ ወዳጄ።

አከበረው? ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና የባሴንጂን ታሪክ ትንሽ ወደ ኋላ ሄደን እንየው።

እ.ኤ.አ. በ1895 ሁለት የኮንጎ ውሾች ያኔ ለንደን ይካሄድ በነበረው በክራፍትስ የውሻ ትርዒት ላይ ቀርበው ነበር፤ ብዙም ሳይቆዩ በበሽታ ሞቱ። ዝርያው እንግሊዝ አገር ሥር የሰደደው በ1930ዎቹ ነው። ከአፍሪካ ተጉዘው፣ ከበሽታ ተርፈው ዘር የተኩት ውሾች ግን በጣም ጥቂት ነበሩ። ከዓመታት በኋላ በእነዚህ ልጆች ላይ ደም የሚያሳጣ የዘር በሽታ ተገኘ። በ1970ዎቹ የደም ምርመራው ሲመጣ አርቢዎች በቅን ልቦና ተነሥተው፣ የታመመውን ብቻ ሳይሆን በሽታውን ተሸክሞ ራሱ ጤነኛ የሆነውንም ሁሉ ከመራባት አስወጡ። በሽታው ቀነሰ። ነገር ግን ድሮም ጠባብ የነበረው ዘር ይበልጥ ጠበበ። በዚያው ዘመን ፋንኮኒ የሚባል ሌላ ሕመም ብቅ አለ፤ ኩላሊት ለሰውነት የሚያስፈልገውን ስኳርና ሌላ ንጥረ ነገር ማስቀረት አቅቶት ከሽንት ጋር ያፈሰዋል።

የፋንኮኒ ክፋቱ ጊዜ መጠበቁ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚታየው ውሻው አራት ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። ቡችላው ሲሸጥ ይቦርቃል፣ ዓይኑ ያበራል። ገዢው በሁለት እጁ አቅፎ እየሳቀ ይሄዳል። ሕመሙ ብቅ ሲል ሻጩ ገንዘቡን በልቶ ጨርሷል፤ ውሻውም ወልዶ ልጆቹ ተሸጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 ከሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ የዘር ምርመራ እስኪገኝ ድረስ አርቢው ራሱ በአብዛኛው በግምት ነበር የሚሄደው። ከዚያ በኋላ ግን "አላወቅሁም" ማለት "ማወቅ አልፈለግሁም" ማለት ሆነ።

ጆርጅ አከርሎፍ የሚባለው አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ አንድ ጽሑፍ አወጣ፤ በ2001 ከሌሎች ጋር ኖቤል ያሸለመው ሥራ ነው። ሐሳቡን ለማስረዳት መርካቶ ይበቃናል። ሻጩ ቅቤው ውስጥ ሙዝ መኖሩን ያውቃል፤ ገዢው አያውቅም። ገዢው ስለማያውቅ ለሁሉም ቅቤ የጥርጣሬ ዋጋ ይሰጣል። በዚያ ዋጋ ንጹሕ ቅቤ ያመጣው ገበሬ ስለማያዋጣው ገበያውን ይተዋል። የሚቀረው ባለሙዙ ነው። ውሸታሙ ገዢውን ብቻ አይደለም የሚጎዳው፤ እውነተኛውንም ሻጭ ከገበያ ያስወጣል።

ታዲያ ታማኝ የሚባለው ማነው? በእኔ አስተያየት ታማኝነት የሚለካው ሻጩ ስለ ሸቀጡ ባመሰገነው ልክ አይደለም፤ የሚጎዳውን እውነት ሳይጠየቅ በተናገረው ልክ ነው። ጥሩ አርቢ "ይቺ እናቱ በሽታውን ተሸክማለች፤ አባቱ ግን ነጻ ነው፤ ስለዚህ ልጆቹ ተሸካሚ ሊሆኑ ይችላሉ እንጂ አይታመሙም" ይላል። የሁለቱንም የምርመራ ወረቀት ከነውሾቹ ያሳያል። ተሸካሚውንም እንደ ርኩስ አይጥለውም፤ ከነጻ ጋር አጋብቶ ዘሩ እንዳይጠብ ያደርጋል። ቡችላውን ከስምንት ሳምንት በፊት ከእናቱ አይነጥልም። ነገሩ ካላማረው ደግሞ "አልሸጥልህም" ይላል። እምቢ ማለት የማይችል ሻጭ ከገንዘብ በላይ ጌታ የለውም።

አበው "እናቷን አይተህ ልጇን አግባ" ይላሉ። እንግሊዞች ይህንኑ ሕግ አድርገውታል። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2020 ጀምሮ እንግሊዝ ውስጥ ከስድስት ወር በታች ያለ ቡችላ በደላላ ወይም በሱቅ አይሸጥም፤ ገዢው ከአርቢው ቤት ሄዶ፣ ቡችላውን ከእናቱ ጋር አይቶ ነው የሚወስደው። የሉሲ ሕግ ይሉታል። የእኛዋ ሉሲ አይደለችም። ከአንድ የቡችላ መፈልፈያ በሕመም ተጎሳቁላ የወጣች ውሻ ነበረች። የመኪና ማቆሚያው ሻጭ የሚደብቀው እንግዲህ ይህችን እናት ነው። ወዳጄን "አከበረህ" ያሰኘው ዝምታ፣ ስለ ውሻው ምንም ግድ የሌለው ሰው ዝምታ ነው። ስለ ገዢውም ቢሆን ግድ የለውም። የሚጠይቀን ሰው ሁሉ አይንቀንም፤ የማይጠይቀንም ሁሉ አያከብረንም።

አንድ ሌላ ሙግት አለ፤ ዘለን ልናልፈው አይገባም። በየመንገዱ ባለቤት የሌለው ውሻ እየተራበ፣ እኛም አገር በመርዝ እየተወገደ፣ አሜሪካም በየመጠለያው በየዓመቱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ እንስሳት በመርፌ እየተገደሉ፣ ብርቅ ዘር ብሎ ማዘዝ በራሱ ነውር አይደለም ወይ? ሙግቱ ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የኖርዌይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ካቫሊየር የሚባለውን ትንሽ ውሻ፣ ያለበት የዘር በሽታ ብዛት ታይቶ፣ ሲራባ በቆየበት መንገድ ማራባት የእንስሳት ደኅንነት ሕግን ይጥሳል ብሎ ፈርዷል። አርቢው የቱንም ያህል ቅን ቢሆን መዝገቡ ዝግ እስከሆነ ድረስ የማይወጣው ነገር አለ ማለት ነው። የባሴንጂ ወዳጆች ይህ ቀድሞ ገብቷቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1987 እና በ1988 ወደ ያኔዋ ዛየር ተጉዘው ከመንደር ውሾችን አመጡ፤ የአሜሪካው ኬኔል ክለብም በ1990 የተዘጋውን መዝገብ ከፍቶ ተቀበላቸው። ወረቀት የሌለው የመንደር ውሻ ወረቀት ያለውን ዘመዱን ሊያድን ተጠራ። ከዚህ በላይ ስለ "ንጹሕ ዘር" የሚያስተምር ምን አለ? እኛም ራሳችን ይህን ቃል አፋችን ላይ ስናመላልስ ልናስበው የሚገባ ነው።

ስለዚህ መልሴ "አትግዛ" አይደለም፤ "የምትገዛውን እወቅ" ነው። ብርቅነትን ለመታያ የሚፈልግና ዘሩ እንዳይጠፋ የሚፈልግ ሰው አንድ ዓይነት ቡችላ ይዘው ቢወጡም ሥራቸው አንድ አይደለም። የመጀመሪያው የሚጠይቀው "ሌላ ሰው አለው ወይ?" ብሎ ነው። ሁለተኛው "እናቱ ደኅና ናት ወይ?" ይላል።

አዲስ አበባም ቢሆን ነገሩ ደጃችን ነው። መንገድ ዳር በካርቶን ውስጥ ዓይኑ በቅጡ ያልጠና ቡችላ ይዞ "አባቱ ጀርመን ሼፐርድ ነው" የሚለንን ልጅ በመኪና መስኮት ዋጋ እንከራከረዋለን። እናቱ የት እንዳለች የምንጠይቅ ስንቶቻችን ነን? ክትባት ተከትቧል ወይ የምንልስ? ልጁን አልወቅሰውም፤ የዕለት እንጀራው ነው። ነገር ግን ያለ ዕድሜው ከጡት የተነጠለውን ቡችላ ከካርቶኑ ውስጥ ያስገባው የእሱ እጅ ብቻ አይደለም። ጠያቂ ገዢ ባለበት ገበያ ደባቂ ሻጭ ብዙ አይቆይም። መስኮቱን ዝቅ አድርገን፣ ዋጋ ብቻ ጠይቀን የከፈልን ቀን ግን የሚቀጥለውን ካርቶን አዝዘን ሄደናል።

በሁለት ሰዎች መካከል በሚደረግ ሽያጭ ላይ ሁለቱም ተስማሙ ማለት ፍትሕ ተደረገ ማለት አይደለም። ሦስተኛ ወገን አለ፤ ካርቶኑ ውስጥ ተኝቷል። ውል አልፈረመም፣ ዋጋ አልተከራከረም፣ ዘሩንም አልመረጠም። ከአምስት ዓመት በኋላ ሌሊት እየተነሣ ውኃ ቢጠጣ ቢጠጣ የማይረካ እሱ ነው፤ ያን ጊዜ ዕዳውን የሚከፍለው ሻጩም ገዢውም አይደሉም። በስሙ የሚጠይቅለት ከሁለቱ አንዱ እንኳ ካልተገኘ ማን ይጠይቅለት?