የነርስ ክብርና የነርስ እንጀራ

ነርስነት የተከበረ ሙያ መሆኑን ሁሉም ይመሰክራል። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመን በለንደን የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነትን ተምረዋል፤ በ1934 ዓ.ም. በነቀምቴ ካረፉ በኋላም በአዲስ አበባ በስማቸው ሆስፒታል ተሠርቶላቸው ነበር። ነገር ግን አንባቢ ሆይ፥ ልብ በል፤ ልዕልትን የቤት ኪራይ አያስጨንቃትም፤ የገበሬን ልጅ ግን ያስጨንቃታል።

በአምቦ ካስተማርኋቸው ልጆች አንዲቱ ነርስ ናት። «መምህር፥ ሌሊቱን ሙሉ ተረኛ ሆኜ እያደርሁ ደመወዜ ወሩን ካላደረሰኝ፥ ሥራዬን ብለቅ ኃጢአት ነውን?» ስትል ጠየቀችኝ። በግንቦት 2017 ዓ.ም. በብዙ የመንግሥት ሆስፒታሎች የጤና ባለሙያዎች የደመወዝ ማሻሻያ ጠይቀው ሥራ ባቆሙ ጊዜም ብዙዎች ስለዚሁ ነገር ተከራክረዋል።

ብዙ ሰው ነርስን «ዋጋሽ በሰማይ ነው» ይላታል። ይህን የሚል ሰው ግን የራሱን ደመወዝ በሰማይ ለመቀበል አይጠብቅም። በደመወዝ ፋንታ ምስጋና መስጠት ዕዳን በመልካም ቃል መሸፈን ነው።

በሌላ ወገን ደግሞ ምጥ ይዟት ከጉደር ወይም ከጊንጪ በሌሊት የመጣች ሴት የነርሷ ባለዕዳ አይደለችም። ዕዳው የአሠሪው ሆኖ ሳለ ቅጣቱ በእርስዋ ላይ ሊወድቅ አይገባም።

ስለዚህ እንዲህ ስል መለስሁላት፤ «ልጄ፥ የሚገባሽን መጠየቅ፥ አስቀድመሽ አስታውቀሽም ሥራ መልቀቅ ኃጢአት አይደለም፤ በተረኝነትሽ ሰዓት የተጨነቀውን ጥሎ መሄድ ግን በደል ነው።»

እኛም ነርስን «መልአክ» ከማለታችን በፊት፥ መልአክ እንጀራ እንደማይበላ፥ ነርስ ግን እንደምትበላ እናስብ።