ችግርን በጨዋታ ማስተማር ይቻላልን?

ልጆቻችንን በምቾት እያሳደግን ለተቸገረ ሰው የሚራራ ልብ እንዲኖራቸው የምንመኝ ወላጆች ብዙ ነን። እኔም አንዱ ነኝ። ባለፈው ነሐሴ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆቼ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ተደፍተው ሲውሉ ባየሁ ጊዜ፣ ድንኳን ተውሼ ቤተሰቤን ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ሦስት ሌሊት ለማሳደር ወሰንኩ። ለባለቤቴም «መብራትና ቧንቧ የሌለበት ኑሮ ምን እንደሚመስል ይዩት፤ ያላቸውን ኒዕማ ያውቁታል» አልኳት።

ላንጋኖ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ውኃው በደለል ምክንያት ቡናማ ቢሆንም የብልሃርዚያ ስጋት የለበትም ስለሚባል ልጆች ያሉት ሰው ይመርጠዋል። ከግራር ሥር ድንኳን ስንተክል አሥር ዓመት የሚሆነው ልጅ ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖች የጫነች አህያ እየነዳ መጣ። «አሰላሙ ዐለይኩም» አለን። እኛ ከድንኳኑ ገመድ ጋር ስንታገል ስለነበር ቀና እንኳ ሳንል ከአፋችን ብቻ መለስንለት።

የስምንት ዓመቷ ልጄ ግን ልጁንም አህያዋንም አየቻቸው። «አባዬ፣ እነሱም እንደኛ ካምፒንግ ላይ ናቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሳቄ መጣ። «አዎ፣ ዓመቱን ሙሉ!» አልኳት። ልጁ አማርኛ ይሰማ ኖሯል። ዞር ብሎ አየኝና ምንም ሳይናገር አህያውን ነድቶ ሄደ።

በዚያ ምሽት ከመንገድ ዳር ከአንዲት እናት የገዛነውን ሁለት ሸክም እንጨት ለጨዋታ አነደድነው። ሌሊት ዶፍ ወረደና ድንኳኑ አፈሰሰ። ልጆቹን ታቅፈን መኪና ውስጥ ገባን፤ ብርድ ልብስ ተጠቅልለው ወዲያው ተኙ። እኔን ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የመኪናው ቁልፍ እጄ ላይ ነበር። ዝናቡ ቢብስ ሞተር አስነስቼ ቤቴ መግባት እችላለሁ። የዚያ ልጅ ቤት ጣሪያው ቢያፈስስ የት ይሄዳል?

ወገኖቼ፣ ችግር ማለት የዕቃ ማነስ ብቻ አይደለም። ሲበቃህ ትተኸው መሄድ አለመቻልም ነው። እኛ ቧንቧችንን ለሦስት ቀን ትተነው እንጂ አጥተነው አልሄድንም። የምንጠጣው ውኃ እንኳ ታሽጎ ከአዲስ አበባ ተጭኖ የመጣ ነበር። በስምጥ ሸለቆ በብዙ ቦታ የጉድጓድ ውኃ የፍሎራይድ መጠን የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው ወሰን፣ በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም፣ ይበልጣል። ያን ውኃ እየጠጡ ያደጉ ልጆች ጥርሳቸው ይበልዛል፤ ሲብስም አጥንት ይጎዳል። ይህን ውኃ የሚጠጣ ሰው የሚጠጣው ሹክር ለመለማመድ ነውን?

ታዲያ እኔ ያደረግሁት ምንድን ነው? የሰውን ኑሮ ለልጆቼ መማሪያ አደረግሁት፤ የኑሮው ባለቤት ግን ቆሞ ሲያየኝ ሰላምታውን በወጉ አልመለስኩለትም፤ ይባስ ብዬም ቀለድኩበት። ቁርኣን በሱረቱ አን-ኒሳእ 36ኛ አንቀጽ በጎ ሊዋልላቸው ከሚገባቸው መካከል የቅርቡንም የሩቁንም ጎረቤት ይቆጥራል። ለሦስት ሌሊትም ቢሆን ጎረቤት ጎረቤት ነው።

«እንግዲያ ልጆቻችን አይዝናኑ?» የሚለኝ ይኖር ይሆናል። ይዝናኑ እንጂ! ሐይቅ ማየት፣ ከወላጅ ጋር ከዛፍ ሥር ማደር የአላህ ኒዕማ ነው። ጥፋቱ መዝናናቱ ላይ አይደለም። መዝናናታችንን «የችግረኛ ኑሮ» ብለን ስንሰይምላቸው ግን እንዋሻቸዋለን። ሦስት ቀን ድንኳን ውስጥ ያደረ ልጅ የድህነትን ጣዕም ያወቀ ይመስለዋል፤ ያወቀው የመሰለውን ነገር ደግሞ ዳግም አይጠይቅም።

ሱብሒን ከሰገድን በኋላ ልጄን ጠራኋትና «ትናንት የነገርኩሽ ልክ አልነበረም። እኛ ሲመረን ወደ ቤታችን እንሄዳለን፤ የዚያ ልጅ ቤቱ እዚሁ ነው» አልኳት። ጥቂት አሰበችና «ታዲያ እኛ ምኑ ነን?» አለችኝ። «እንግዶቹ ነን» አልኳት።

ልጁ እንደገና ሲመጣ ቀድሜ ሰላምታ አቀረብኩለትና «የትናንቱን አፉ በለኝ» አልኩት። አቀርቅሮ «ችግር የለም» አለ። ቁርስ አብሮን እንዲበላ ብንለምነው እናቱ ውኃ እየጠበቀች መሆኗን ነግሮን ሄደ። ከሰዓት በኋላ ግን አራት ራስ የበቆሎ እሸት ይዞ መጣ፤ እናቱ ልካው ነው። ልጆቼ በትርፍራፊው ፍም ጠብሰው ከእርሱ ጋር በሉ።

ያቺን እናት አላየኋትም። እሸቱን የላከችው እኛን ልታስተምር ብላ አይመስለኝም፤ ደጇ ላይ እንግዳ ስላረፈ ነው። ለልጆቼ ላስተምረው ብዬ 200 ኪሎ ሜትር የነዳሁለትን ነገር እርሷ ከቤቷ ሳትወጣ ላከችልን። ወላሁ አዕለም።